አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ከማኅፀን ውጭ እርግዝናና የአልትራሳውንድ ሪፖርቶቻችን

የሀገራችን ሐኪሞች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔቶች ላይ ከሚያወጧቸው የአንድ ታካሚ ዘገባዎች መካከል፣ በሆድ ዕቃ ውስጥ ስላደገ ፅንስ የሚተርኩት ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ዘገባዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ቅርጽ አላቸው። በመጀመሪያ የሁኔታው ብርቅነት ይነገራል፤ ቀጥሎ የእናቲቱ ዕድሜና የወሊድ ታሪክ ይገለጻል፤ ከዚያም የቀዶ ሕክምናው ውሎ በዝርዝር ይተረካል፤ የእንግዴ ልጁና የሕፃኑ ፎቶግራፍ ይታተማል፤ በመጨረሻም የቅድመ ወሊድ ምርመራ እንዲጠናከር ተመክሮ ይዘጋል። በዚህ መሐል ብዙ ጊዜ አንዲት ዓረፍተ ነገር በፍጥነት ታልፋለች፦ እናቲቱ በክትትል ጊዜ አልትራሳውንድ ተነሥታ እንደነበረና ውጤቱም ጤናማ ተብሎ እንደነበረ የምትናገረው። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህች ዓረፍተ ነገር ናት።

ዘገባዎቹን ማጣጣል የጸሐፊው ፍላጎት እንዳልሆነ ከወዲሁ ይታወቅ። ሥራ በበዛበት ሆስፒታል ውስጥ ጊዜውን ሠውቶ ያጋጠመውን በጽሑፍ ያኖረ ሐኪም ምስጋና ይገባዋል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2017 በቢኤምሲ ፕሬግናንሲ ኤንድ ቻይልድበርዝ መጽሔት ላይ ከኢትዮጵያ የቀረበው ዘገባ፣ ሕያው ፅንስ የያዘ የሆድ ዕቃ እርግዝና ከከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ ጋር አብሮ ሊገኝ እንደሚችል ያስተምራል። የደም ግፊቱ የሁሉንም ዓይን በሚስብበት ክፍል ውስጥ «ማኅፀኑስ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ላይገኝ እንደሚችል ከዚህ ዓይነቱ አጋጣሚ መገመት አያዳግትም። ይሁን እንጂ ዘገባዎቹ በጠቅላላው ሲነበቡ አንድ የሚያስቆጭ ክፍተት ይታያል። የዳነችውን እናት ያሳዩናል፤ ቀድሞ የተነሣውንና ያልተነበበውን ምስል ግን አያሳዩንም። አልትራሳውንዱን ያነሣው ባለሙያ ምን ተጠይቆ ነበር? ምንስ ብሎ ጻፈ? የማኅፀኑን ግድግዳ አይቶ ነበርን? ምስሉ ተፈልጎ እንደገና ተነብቧልን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ዘገባ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ከማኅፀን ውጭ እርግዝና ሲባል በሁላችንም አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የማኅፀን ቱቦ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ቡዬርና ባልደረቦቹ በፈረንሳይ ሀገር 1,800 ታካሚዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጽሑፍ መሠረት፣ ከመቶ ከዘጠና የሚበልጡት በቱቦው ውስጥ የተገኙ ናቸው። ከእነዚሁም ውስጥ ቱቦው የማኅፀንን ግድግዳ ሰንጥቆ በሚያልፍበት ክፍል የተቀመጡት 2.4 ከመቶ ነበሩ። በእንቁላል ዕጢ ላይ የተገኙት 3.2 ከመቶ፣ በሆድ ዕቃ ውስጥ የተገኙት ደግሞ 1.3 ከመቶ ብቻ ናቸው። በማኅፀን አንገት፣ በቀድሞ ኦፕራሲዮን ጠባሳ ላይና በተፈጥሮ ጎደሎ በሆነ የማኅፀን ቀንድ ውስጥ የሚፀነሱት ከእነዚህም ያነሱ ናቸው።

ቁጥሩ ማነሱ ግን ጉዳቱን አያሳንሰውም። አትራሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ስላለው የሆድ ዕቃ እርግዝና ባወጡት ጥናት፣ ሁኔታው ከ100,000 ሕያው ወሊዶች መካከል በ10.9 ያህሉ እንደሚከሰት ገምተዋል፤ እናቲቱ የመሞት ዕድሏም ከቱቦ እርግዝና ጋር ሲነጻጸር 7.7 እጥፍ፣ በማኅፀን ውስጥ ካለ እርግዝና ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ወደ 90 እጥፍ እንደሚደርስ አስልተዋል። በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉ። የአሜሪካኑን መጠን እንዳለ ብንወስደው እንኳ በዓመት ከ300 በላይ እናቶች ማለት ነው። ይህ ስሌት እንጂ ቆጠራ አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን። ሆኖም «በሥራ ዘመኔ አንድ ጊዜ ቢያጋጥመኝ ነው» በሚል እምነት ፕሮብ ለሚይዝ ባለሙያ ይህ ስሌት ጥቂት ሊያሳስበው ይገባል። ለአንድ ባለሙያ ብርቅ የሆነ ነገር ለሀገር ብርቅ አይደለምና።

አልትራሳውንድ ወደ ማኅፀን ሕክምና የገባው ኢያን ዶናልድ፣ ጆን ማክቪካርና ቶም ብራውን እ.ኤ.አ. በ1958 በላንሴት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ነው። ከዚያ በፊት በሆድ ዕቃ ውስጥ ያደገን ፅንስ የጠረጠረ ሐኪም የነበረው አማራጭ እናቲቱን በጎኗ አስተኝቶ ራጅ ማንሣትና የፅንሱ አካል ከእናቲቱ አከርካሪ ጋር ተደራርቦ መታየቱን መፈለግ ነበር። ዛሬ ይህን የሚያስተምር ሰው ጥቂት ነው፤ ቢረሳም የሚያስቆጭ አይደለም። የሚያስቆጨው በእርሱ ፈንታ የመጣው እውቀት በየመጽሐፉ ተጽፎ ሳለ በየምርመራ ክፍሉ አለመግባቱ ነው። አሊቦንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 የሆድ ዕቃ እርግዝናን የአልትራሳውንድ ምልክቶች ዘርዝረዋል። ማኅፀኑ ከፅንሱ ተለይቶ ለብቻው ይታያል፤ በፅንሱና በሽንት ፊኛው መካከል ሊኖር የሚገባው የማኅፀን ጡንቻ አይታይም፤ የፅንሱ አካላት ከእናቲቱ የሆድ ግድግዳ ጋር ተጠግተው ይገኛሉ፤ እንግዴ ልጁም ከማኅፀን ክፍተት ውጭ ነው። ለእነዚህ ምልክቶች ዶፕለር አያስፈልግም፤ በጥቁርና ነጭ ምስል በአሮጌ መሣሪያ ላይ የተገኙ ናቸው። እንግዲያው ከአርባ ዓመት በኋላ ስሕተቱን በመሣሪያ ላይ ማላከክ አይቻልም።

ታዲያ እንዴት ያመልጠናል? የሁለተኛውና የሦስተኛው መንፈቀ እርግዝና ምርመራ እንዴት እንደሚጀመር እንመልከት። ባለሙያው ፕሮቡን ከእምብርት አካባቢ ያሳርፍና ፅንሱን ይፈልጋል። ልብ ይመታል፤ ደስ ይላል። ጭንቅላት ይለካል፤ የጭን አጥንት ይለካል፤ የሽርት ውኃ ይገመታል፤ የእንግዴ ልጁ ቦታ ይጻፋል፤ አቀማመጡ ይታያል። እናቲቱም «ልጁ ደኅና ነው» ትባላለች። ከእነዚህ ሁሉ እርምጃዎች አንዱ እንኳ ፅንሱ ያለበትን ቤት አይጠይቅም። ሁሉም የተከራዩን ጤንነት ይመረምራሉ። ማኅፀኑ ባዶ ሆኖ ከፊኛው በስተኋላ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ቢሆን፣ ፕሮቡ እዚያ ድረስ ስላልወረደ አይታይም፤ ወርዶ ቢታይም «ማዮማ» ወይም «በዳሌ ውስጥ ያለ እብጠት» የሚል ስም ተሰጥቶት ያልፋል።

የሆድ ዕቃ እርግዝና ሌላም የማታለያ መንገድ አለው። የሽርት ውኃው ብዙ ጊዜ ስለሚያንስ «የውኃ ማነስ» ይባላል። ፅንሱ አግድም ስለሚተኛ «የአቀማመጥ ችግር» ይባላል። እንግዴ ልጁ ወደ ዳሌ ወርዶ ከተገኘ «በማኅፀን በር ላይ ያለ እንግዴ ልጅ» ይባላል። እናቲቱ ሆዴን አመመኝ ስትል፣ ልጁ ሲገላበጥ ያመኛል ስትል፣ የጨጓራ መድኃኒት ይታዘዝላታል። ምጥ እንዲመጣ መድኃኒት ሲሰጣት ማኅፀኗ አይመልስም፤ ይህም «ያልተሳካ የምጥ ማምጣት» ተብሎ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ያስገባታል። እያንዳንዱ ስያሜ በራሱ የሚታመን ነው። አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ፤ ሰብስቦ የሚያነብ ሲጠፋ ነው እናቲቱ ሳይታወቅላት ቢላ የሚያርፍባት።

እዚህ ላይ ላምበረትን ማንሣት ተገቢ ነው። ላምበረት የአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ በር ናት። የየካ ተራራ ከበላይዋ ነው፤ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ የሚወስደው መንገድ በመሐሏ ያልፋል፤ መናኸሪያዋም ከደብረ ብርሃን መስመር የሚመጣውን ተሳፋሪ ይቀበላል። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ የካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል አለ፤ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይገኛል። በመካከሉ ጤና ጣቢያው፣ ክሊኒኩና የምርመራ ማዕከሉ ብዙ ነው። በዚህ አካባቢ የሚሠራ የጤና ባለሙያ በየቀኑ አንድ ዓይነት ነገር ያያል፤ ነፍሰ ጡሯ ከላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሦስት አራት የአልትራሳውንድ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች። አንዱ ከመጣችበት ወረዳ የተነሣ ነው፤ ሌላው ከመንገድ ዳር ክሊኒክ ነው፤ ሦስተኛው ከጤና ጣቢያ ነው። ወረቀቶቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለሆኑ እርሷ አታነባቸውም። ባለሙያውም ብዙ ጊዜ አያነባቸውም፤ አዲስ አንሥታ እንድትመጣ ይጽፍላታል። አራተኛ ወረቀት ይጨመራል።

ጸሐፊው እነዚህን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ በሚያነብበት ጊዜ አንድ ነገር ተደጋግሞ አስገርሞታል። «በማኅፀን ውስጥ ያለ አንድ ሕያው ፅንስ» የሚለው ሐረግ በብዙዎቹ ላይ የተጻፈ አይደለም፤ የታተመ ነው። አስቀድሞ በፎርሙ ላይ አለ፤ ወይም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተቀምጦ ባለሙያው ሳይነካው ይወጣል። በእጅ የሚሞላው የሳምንቱ ቁጥር፣ የልብ ምቱና የክብደቱ ግምት ነው። ልብ እንበል፤ በዚህ ሐረግ ውስጥ «አንድ» እና «ሕያው» የሚሉት ቃላት በእርግጥ የታዩ ናቸው። «በማኅፀን ውስጥ» የሚለው ቃል ግን ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳይጠየቅበት ምስክርነት ይሰጣል። የሕክምና ሰነድ ውስጥ ካሉ ቃላት ሁሉ ይህን ያህል ኃላፊነት ተሸክሞ ይህን ያህል በግዴለሽነት የሚጻፍ ሌላ ቃል ጸሐፊው አያውቅም። ቀጥሎ የሚያየው ሐኪም ደግሞ ያንን ቃል የታየ እውነት አድርጎ ይቀበለዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥርጣሬ ሁሉ ከታተመው ቃል ጋር መታገል ይኖርበታል።

ለቃሉ መብት ለማግኘት የሚያስፈልገው ሥራ ከባድ አይደለም። ፊኛዋ በመጠኑ ሞልታ ሳለ ፕሮቡን ከብልት አጥንት በላይ በቁመት አሳርፎ በመጀመሪያ የማኅፀን አንገትን መፈለግ ነው። አንገቱ ከተገኘ በኋላ ወደ ላይ እየተከተሉ ጡንቻው ፅንሱን የያዘውን ከረጢት ዙሪያውን ማቀፉን ማየት ነው። አንገቱ ወደ ፅንሱ ካመራ፣ ጡንቻውም በፊኛውና በከረጢቱ መካከል ከታየ፣ ቃሉ ተገኝቷል። አንገቱ ወደ አንዲት ትንሽ፣ በመሐሏ የነጣ መስመር ወዳላት ባዶ ማኅፀን ካመራና ፅንሱ ከእርሷ ጎን ወይም በላይ ከሆነ፣ ነገሩ ተለውጧል። የሕክምና ትምህርቱ የሚለው ይህንኑ ነው። ከፅንሱ ሳይሆን ከአንገቱ መጀመር፤ የልዩነቱ ዋና ነገር ይኸው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው።

የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች መቃወሚያ እንዳላቸው ጸሐፊው ያውቃል፤ መቃወሚያውም ፍሬ ያለው ነው። ወሩ በገፋ ቁጥር ጤናማው ማኅፀን እንኳ ግድግዳው ስለሚሳሳ በዓይን ለመለየት ያስቸግራል፤ የሽርት ውኃ ሲያንስ ደግሞ ምስሉ የባሰ ይደበዝዛል። በቀን ብዙ ሰው የሚያነሣ ባለሙያ የተጠየቀው «የፅንሱን ደኅንነት» ከሆነ የተጠየቀውን መለሰ እንጂ አላጠፋም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን መቃወሚያው ራሱ የሚያመለክተው ምርመራው ቀደም ብሎ መደረግ እንዳለበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የቅድመ ወሊድ ክትትል መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትነሣ መክሯል። በዚያ ወቅት ጡንቻው ገና ወፍራም ነው፤ አንገቱም በቀላሉ ይገኛል። ያ አንድ ምርመራ የእርግዝናውን ሳምንት ለማወቅ ብቻ ከዋለ ግማሽ ጥቅሙ ባክኗል። በየጤና ጣቢያው ውስን የእርግዝና አልትራሳውንድ የሚሠለጥኑ አዋላጅ ነርሶችም የሚማሩት በአብዛኛው የልብ ምትን፣ የፅንሱን ብዛት፣ አቀማመጡንና የእንግዴ ልጁን ቦታ ነው። ለእነዚህ አንድ ጥያቄ መጨመር ሥልጠናውን አያከብደውም። አዋላጇ «ሆድ ዕቃ ውስጥ ነው» ብላ እንድትወስን የሚጠብቅ የለም፤ «ጡንቻውን አላየሁትም» ብላ እንድትልክ ግን መጠበቅ ይቻላል።

እስከዚህ የተናገርነው ወሩ ስለገፋው እርግዝና ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያጋጥመው ችግር መልኩ ሌላ ነው፤ በተለይ የቀድሞ ኦፕራሲዮን ጠባሳ ላይ የሚቀመጠው እርግዝና። ይህን ሁኔታ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ያቀረቡት ላርሰንና ሰለሞን ሲሆኑ፣ ጽሑፋቸውም እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው በደቡብ አፍሪካ የሕክምና መጽሔት ነው። የገለጹት ከውርጃ በኋላ የመጣን ያልተለመደ ደም መፍሰስ ነበር። ይህ ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ዳሰሳ ጥናት በሀገር አቀፍ ደረጃ በኦፕራሲዮን የተወለዱት 2 ከመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ ግን 21 ከመቶ ደርሰው ነበር። ይህን ያህል ጠባሳ በአንድ ከተማ ውስጥ ካለ፣ በጠባሳ ላይ የሚፀነስም መኖሩ አይቀርም። ሴትየዋ ደም እየፈሰሳት ትመጣለች፤ ከረጢቱ ከማኅፀኑ በታችኛው ክፍል ይታያል፤ «እየወረደ ያለ ውርጃ ነው» ተብሎ ማኅፀኗ ይጸዳል። ጠባሳው ላይ የተተከለ ከሆነ ደሙ በቀላሉ አይቆምም።

መለያው አለ። ክፍተቱና የአንገቱ ቦይ ባዶ ናቸው፤ ከረጢቱ ከፊት ለፊት በጠባሳው ቦታ ተቀምጧል፤ በእርሱና በፊኛው መካከል ያለው ጡንቻ ሳስቷል ወይም ጠፍቷል፤ ዶፕለር ካለም ዙሪያው ደም ሲዘዋወርበት ይታያል። በማኅፀን አንገት ላይ የተተከለውን ከሚወርደው ውርጃ ለመለየትም በብልት በኩል የሚገባውን ፕሮብ ቀስ አድርጎ መግፋት ይጠቅማል፤ የሚወርደው ከረጢት ይንሸራተታል፤ የተተከለው ከቦታው አይነቃነቅም። የጠባሳው እርግዝና በደንብ የሚለየው በ6ኛውና በ7ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ዘግይቶ ሲታይ ከረጢቱ ወደ ክፍተቱ ስለሚያድግ ጤናማ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ገና እርግዝናዋ እንደታወቀ የከረጢቱ ቦታ እንዲታይላት መላክ፣ ማኅፀን ከማጽዳት በፊትም ስለ ቀድሞ ኦፕራሲዮን መጠየቅ፣ ለጤና መኮንኑም ለአዋላጅ ነርሷም የሚቻል ነው። ማኅፀኑ ከተጸዳ በኋላ የፅንስ ከረጢት ቅሪት አለመገኘቱም ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ እርግዝናው ሌላ ቦታ እንዳለ ሊናገር ይችላል።

በቱቦው የግድግዳ ክፍል ውስጥ የተቀመጠውን በተመለከተ ቲሞር-ትሪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 የሰጡት መለኪያ አሁንም ያገለግላል። የማኅፀን ክፍተት ባዶ መሆን፣ ከረጢቱ ከክፍተቱ ጠርዝ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ መራቁ፣ ዙሪያውን ያለው ጡንቻም ከ5 ሚሊ ሜትር መሳሳቱ ነው። በተከታዩ ዓመት አከርማንና ባልደረቦቹ ከማኅፀን ሽፋን ተነሥቶ ወደ ከረጢቱ የሚሄደውን ቀጭን ነጭ መስመር ጨምረውበታል። ይህ እርግዝና «በማኅፀን ጥግ ያለ ነው፤ ይደርሳል» ተብሎ ሲታለፍ፣ ቱቦው በሌላ ቦታ ከሚፈነዳበት ጊዜ ዘግይቶ፣ ደሙም በዝቶ ሊመጣ ይችላል። ስለ እንቁላል ዕጢ እርግዝና ብዙ የምለው የለም፤ ከቱቦ እርግዝና ለመለየት በአልትራሳውንድ ብቻ አስቸጋሪ ነው፤ ደግነቱ ሕክምናው ያንን ያህል አይለያይም። በማኅፀን ውስጥ አንድ፣ ከውጭ ደግሞ ሌላ ፅንስ አብረው የሚገኙበት ሁኔታ በተፈጥሮ ፅንስ እጅግ ብርቅ ቢሆንም፣ በሕክምና ድጋፍ በሚፀነስበት ቦታ ይበዛል። ይህ ዓይነቱ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተጀመረ በመሆኑ፣ አንዱን አይቶ ሌላውን አለመፈለግ ከእንግዲህ ለእኛም የሚያስጠይቅ ሆኗል።

ስለ ኤምአርአይ አንድ ነገር ሳይነገር ቢታለፍ ጎደሎ ይሆናል። ብዙ ዘገባዎች ከመዝጊያቸው አጠገብ «ኤምአርአይ ባለመኖሩ» የሚል ቃል ያስገባሉ። ኤምአርአይ የራሱ ጥቅም አለው። ጥርጣሬው በአልትራሳውንድ ከተነሣና እናቲቱ ከተረጋጋች፣ እንግዴ ልጁ ከአንጀት፣ ከጉበት ወይም ከትላልቅ የደም ሥሮች ጋር እንዴት እንደተጣበቀ ያሳያል፤ ለቀዶ ሐኪሙም ካርታ ይሆነዋል። ለዚህ ሥራ ጋዶሊኒየም የተባለውን ማቅለሚያ መስጠት አያስፈልግም፤ በእርግዝና ጊዜ ባይሰጥም ይመረጣል። ነገር ግን ኤምአርአይ የሚታዘዘው የጠረጠረ ሰው ሲኖር ነው። አልትራሳውንዱ «በማኅፀን ውስጥ» ብሎ ከጻፈ ኤምአርአዩ በሚቀጥለው ክፍል ቢቆምም አይጠየቅም። ስለዚህ የመሣሪያውን አለመኖር እንደ ምክንያት ማቅረብ በአብዛኛው ቅደም ተከተሉን ያዛባ አነጋገር ነው። በተቃራኒው ደግሞ ደም እየፈሰሳት፣ የደም ግፊቷ እየወረደ ያለችን እናት ለኤምአርአይ ወይም ለሲቲ ስካን ከተማ ለከተማ ማዞር ከስሕተት አልፎ አደጋ ነው። ለእርሷ በሆድ ውስጥ ፈሳሽ መኖሩን የሚያሳይ አጭር አልትራሳውንድ በቂ ነው፤ ቦታዋ ኦፕራሲዮን ክፍል ነው።

አስቀድሞ ማወቅ ምን ይለውጣል? ይህን የሚጠይቅ አንባቢ ካለ በኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ያስብ። ሳይታወቅ የገባ ቡድን ለተራ ኦፕራሲዮን ተዘጋጅቶ ሆድ ይከፍታል፤ ማኅፀን ይሆናል ብሎ የሚቆርጠው እንግዴ ልጅ ሊሆን ይችላል። ሲያውቅ የገባ ቡድን ግን ደም አዘጋጅቶ፣ አንጀትና የደም ሥር የሚያክም ቀዶ ሐኪም በአቅራቢያው አድርጎ፣ ቢላው የት እንደሚያርፍ መርጦ ይገባል። ሁለተኛው ቡድን የደም ምንጩን መቋጠር የማይችለውን እንግዴ ልጅ በቦታው ትቶ መውጣት እንዳለበትም አስቀድሞ ተነጋግሯል፤ የመጀመሪያው ግን ይህን ውሳኔ የሚወስነው ደሙ እየፈሰሰ ነው። ከላምበረት ተነሥታ በአምቡላንስ የምትላክ እናት በየትኛው ቡድን እጅ እንደምትወድቅ የሚወስነው ከወራት በፊት የተጻፈ አንድ ቃል ሊሆን ይችላል።

ወደ ዘገባዎቹ እንመለስና፣ የሕክምና መጽሔቶቻችን አዘጋጆች አንድ ነገር ቢያደርጉ መልካም ነው እንላለን። አልፎ አልፎ ስለሚያጋጥም ከማኅፀን ውጭ እርግዝና ዘገባ ሲቀርብ፣ ቀደም ሲል የተነሡት አልትራሳውንዶች ሪፖርት ቃል በቃል እንዲጨመር፣ ምስሉ ከተገኘም እንደገና ተነብቦ እንዲታተም ይጠይቁ። የባለሙያውም የተቋሙም ስም አያስፈልግም። የሕፃኑ ፎቶግራፍ ቦታ ካጣበበ እርሱ ይቅር፤ ከሕፃኑ ፊት የምንማረው ነገር የለም፤ ፊቱን ለማሳተምም ፈቃድ የሰጠው እርሱ አይደለም። ያመለጠው ምስል ግን ሌላ እናት ሊያድን ይችላል። እስካሁን የተጻፉት ዘገባዎች ሕክምናውን በደንብ አስተምረውናል። ስሕተቱን ያስተማረን ግን የለም፤ ምክንያቱም ስሕተቱ «ውጤቱ ጤናማ ነበር» በሚል ቃል ተሸፍኖ ነው የቀረበልን።

በየምርመራ ክፍሉ ላለው ባለሙያ የሚቀርበው ሐሳብ ከዚህም ያነሰ ነው። ከታተመው ፎርም ላይ «በማኅፀን ውስጥ» የሚለው ቃል ይሰረዝ፤ በቦታው «ፅንሱን ያቀፈው የማኅፀን ጡንቻ ከአንገቱ ጋር ተያይዞ» የሚል መስመር ይግባና ታይቷል፣ አልታየም፣ ያጠራጥራል በሚሉ ሦስት ሳጥኖች ይከተል። አንዱን የሚሞላው ያነሣው ሰው በእጁ ነው፤ ስሙንም ከሥሩ ይጽፋል። «አልታየም» ብሎ መሙላት ነውር አይደለም። እንዲህ የተባለች እናት ውኃ ጠጥታ፣ ፊኛዋ ሞልቶ፣ በዚያው ቀን ዳግመኛ ትታያለች፤ አሁንም ካልታየ ወይም ካጠራጠረ ከቀድሞ ወረቀቶቿ ሁሉ ጋር የጽንስና ማኅፀን ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ትላካለች። በመላኪያው ወረቀት ላይም «ለተጨማሪ ምርመራ» ተብሎ በደፈናው ሳይሆን «የማኅፀን ጡንቻ ስላልታየ» ተብሎ ይጻፍ።